ጆይስቲክ፦ ከስር በቪስ ወይስ ከላይ በብሎን?

መርካቶ ያስቆረጡት የአርኬድ (የጌም ማሽን) መቆጣጠሪያ ፓነል 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (በፋብሪካ የሚሠራ የእንጨት ሰሌዳ) ከሆነ የጆይስቲኩን ዘንግ ይውጠዋል፤ ጫፉ ላይ ያለው መያዣ ኳስ ዝቅ ብሎ እጅ ይጨናነቃል። መፍትሔው ጆይስቲኩ የሚቀመጥበትን ቦታ ከስር በራውተር (በእንጨት መቦርቦሪያ ማሽን) 10 ሚሊ ሜትር መቦርቦር ነው። የሚቀረው ግን 8 ብቻ ነው።

የቪሱ ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። ሥራው ፈጣን፣ ገጹም ንጹሕ ነው፤ ሆኖም ረዘም ያለው ቪስ ገጹን በስቶ ይወጣል፣ አጭሩ በቂ አይነክስም። ኤምዲኤፍ በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ቃጫ ስለሆነ ቪሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተፈታ ቀዳዳው ይፈረፈራል፤ ጨዋታው ሲጋጋል ጆይስቲኩ ይወዛወዛል።

እኛ ብሎኑን እንመርጣለን። 20 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ ራሳቸው ጠፍጣፋ የሆነ አራት ባለ 4 ሚሊ ብሎኖች፣ ሮንዴላና ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ይበቃል። የጆይስቲኩን ብረት እንደ ሞዴል አስቀምጠው ቀዳዳዎቹን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ በ2 ሚሊ ፑንታ ጀምረው በ4.5 ይጨርሱ። ለዘንጉ 24 ሚሊ ሜትር ይብሱ። ከጀርባ ቁራጭ ጣውላ ካልደገፉ መውጫው ይቦጨቃል። የብሎኑ ራስ በደንብ ይስመጥ፤ ግማሽ ሚሊ እንኳ ከፍ ካለ ከላይ የሚለብሰው ፕሌክሲ (መስታወት መሰል ፕላስቲክ) ሲጠብቅ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል።