ሬኔሳንስ ወይስ ባሮክ? ብርሃኑን እዩ

የቆየ የአውሮፓ ሥዕል ፊት ቆሞ «ይሄ የየትኛው ዘመን ነው?» ያላለ ማን አለ? በተለይ ሬኔሳንስና ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ባሮክ የሚባሉት የአውሮፓ ጥበብ ዘመናት ብዙ ሰው ያምታታሉ። እኔ መጀመሪያ የማየው ብርሃኑን ነው።

ከሬኔሳንስ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን «የመጨረሻው እራት» ውሰዱ። ቅጂውን በየቤቱ አይተነዋል። ዋናው ያለው ሚላን፣ አንድ ገዳም የምግብ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ነው። የተሣለው እ.ኤ.አ. ከ1495 እስከ 1498 ገደማ ነው። «ከእናንተ አንዱ አሳልፎ ይሰጠኛል» የተባለበት ሰዓት ነው፤ ሐዋርያቱ ደንግጠዋል። ሥዕሉ ግን የሰከነ ነው። ብርሃኑ ለሁሉም ይደርሳል። ሦስት ሦስት ሆነው በግራና በቀኝ ተደልድለዋል። የጣሪያውን መስመሮች በጣታችሁ ብትከተሉ ሁሉም ክርስቶስ ራስ ላይ ይገናኛሉ። እዚያው ላይ ሠዓሊው መስመሩን ለመለካት የመታው የምስማር ቀዳዳ አለ!

አሁን ደግሞ ወደ ሮም፣ ወደ ባሮኩ ሠዓሊ ካራቫጆ «የማቴዎስ መጠራት» (1599–1600)። ክፍሉ ጨለማ ነው። ሰዎቹ ጠረጴዛ ከበው ገንዘብ ይቆጥራሉ፤ የለበሱትም የሠዓሊውን ዘመን ልብስ ነው። ብርሃን ከቀኝ በኩል ጨለማውን ሰንጥቆ ይገባል። መስኮት አለ፤ ብርሃኑ ግን በእሱ አይደለም የሚገባው። ክርስቶስ ጥግ ላይ ነው፣ ጨለማ ውጦታል። ጎልቶ የሚታየው ፊቱና የተዘረጋ እጁ ብቻ ነው። ያን እጅ ሳይ ሁሌም ልቤ ይመታል። ለዚህ ነው ለባሮክ የማደላው።

ሁሉም ባሮክ ግን ጨለማ አይደለም። ሌላው የባሮክ ሠዓሊ ሩበንስ ጋ ብርሃኑ ይበዛል። እዚያ የሚለየው እንቅስቃሴው ነው፦ ሰው ይወድቃል፣ ፈረስ ይነሳል፣ ጨርቅ ይውለበለባል።