ጥናታችንን ላዳነችልን አስተባባሪ የቀረበ ምስጋና

በሕፃናት አመጋገብ ላይ በተለያዩ አካባቢዎች ጥናት የምታካሂዱ ባልደረቦቼ ሁሉ ይህን ጽሑፍ እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ።

ጥናታችን በደቡብ ወሎ፣ በሲዳማና በምሥራቅ ሐረርጌ ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ያላቸውን ሕፃናት ቁመት፣ ክብደትና አመጋገብ የሚመለከት ነበር። የማስተባበሩን ሥራ በመጀመሪያ የሰጠነው ስሙን መጥቀስ ለማልፈልገው ድርጅት ነው። የመስክ ሠራተኞች የውሎ አበል ለወራት ዘገየ፤ ስልክ ስንደውል የሚያነሳ ጠፋ፤ በርካታ ሕፃናት ከመረጃው ተሰርዘው ምክንያቱን ስንጠይቅም ጥፋቱ በሙሉ መረጃ ሰብሳቢዎቹ ላይ ተላከከ። ቁመት መለኪያውን ተሸክመው በዝናብና በፀሐይ ቤት ለቤት የዞሩ ወጣቶች በቸልተኝነት ተወቀሱ፤ እኔም ወቀሳውን አምኜ መቀበሌ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

ይህችን አስተባባሪ ያገኘኋት በአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጥቆማ ነው። ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ቀን ማታ ደውላ፣ «የተሰረዙት ልጆች ሁሉም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ የተወለዱ መሆናቸውን አይተዋል?» አለችኝ። አላየሁም ነበር። ለካ የልደት ቀኖቹ ወደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲቀየሩ በሁሉም ላይ 8 ዓመት ተደምሮ ኖሯል፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ግን ልዩነቱ 7 ዓመት እንደሆነ ማናችንም እናውቃለን። በዚህ የተነሳ አንዳንዶቹ ሕፃናት በተለኩበት ዕለት ገና ያልተወለዱ ሆነው ተገኙና ተሰረዙ። የሌሎቹ ዕድሜ ደግሞ በአንድ ዓመት አንሶ፣ የቀነጨረው ልጅ ለዕድሜው ደኅና ቁመት ያለው መሰለ። ልናገኘው የወጣነውን ችግር በገዛ መረጃችን ልንሸፍነው ነበር ማለት ነው።

በኮምፒዩተሩ ላይ ምን እንዳደረገች ብጠየቅ ማስረዳት አልችልም። የማልረሳው ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነው። ቀኖቹን ከክትባት ካርዶቹ ጋር ካመሳከረች በኋላ፣ ማንም ሳያዛት ለመረጃ ሰብሳቢዎቹ በየተራ እየደወለች፣ «እናንተ የጻፋችሁት ቀን ትክክል ነበር፤ ስህተቱ የእናንተ አልነበረም» አለቻቸው። አንዷ ወጣት ስልኩን ይዛ እንዳለቀሰች በኋላ ሰማሁ። በዚያው ሳምንት እኔም ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ያንን መንገድ ያሳየችኝ እርሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ አበል በቀኑ ይከፈላል፣ ሚዛኖቹ በየማለዳው ይፈተሻሉ፣ የሦስቱም ቦታዎች መረጃ በየምሽቱ ይታያል። እኅቴ ሆይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅሽ ይባረክ!

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጻፍኩም፤ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። አደራችሁን፣ እንደ እኔ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ሳይሆን መጠይቁ ገና ሲዘጋጅ ጥሯት።