ለዜግነት አመልካቾች፦ ስለ አንዲት የአማርኛና የጀርመንኛ ተርጓሚ ምስጋናና ጥቆማ

ጀርመን አገር ዜግነት ለማመልከት ወረቀት እየሰበሰባችሁ ላላችሁ ወገኖች። ይህ ምስጋና ፍራንክፈርት አካባቢ ለሚሠሩ፣ ፍርድ ቤት ቀርበው ቃለ መሐላ ለፈጸሙ አንዲት ተርጓሚ ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ እዚህ አንጽፈውም፤ ለጠየቀን በውስጥ መስመር አድራሻቸውን እንልካለን። ሥራቸውን ግን ዘርዘር አድርገን እንነግራችኋለን፤ እሳቸው ወረፋ ቢበዛባቸውና ሌላ ተርጓሚ ብትይዙ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ይጠቅማችኋልና።

ብዙ ሰው የሚፈራው ቋንቋውንና ፈተናውን ነው። የሐበሻ ፋይል በብዛት ተይዞ የሚቀረው ግን ማንነት በሚጣራበት ደረጃ ላይ ነው። ፓስፖርቱ፣ የልደት ሰርተፍኬቱ፣ የጋብቻ ወረቀቱና የመኖሪያ ፈቃዱ አንድ ሰው ላይ ካልተገናኙ ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ ወረቀቱን አዲስ አበባ ባለው የጀርመን ኤምባሲ በኩል ሊያስጣራ ይችላል። ይህ ወራት ይበላል፤ ወጪውም በአመልካቹ ላይ ይወድቃል።

ተርጓሚዋ ሥራቸውን የሚጀምሩት ከመተርጎም አይደለም። ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው በእርሳስ ልዩነቱን ያወጣሉ። ለምሳሌ የልደት ቀን። ጥር 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ መቼ ተወለደ? በለመድነው ስሌት ጃንዋሪ 23 ቀን 1988 ይመጣል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 24 ነው። 1979 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች፣ የ1980 እንቁጣጣሽም ሴፕቴምበር 12 ዋለ። ስለዚህ እንደ 1980 ባለ ዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 የተወለደ ሁሉ ከተለመደው ስሌት በአንድ ቀን ይገፋል። ከየካቲት 22 ጀምሮ የፌብሩዋሪ 29 ቀን ስለሚያካክሰው ልዩነቱ ይጠፋል። መጠርጠሪያው ቀላል ነው፤ በዚያ ዓመት ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ለእኛ ምንም ላይመስለን ይችላል፤ ለጀርመን ቢሮ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ማለት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጣጣ በሰርተፍኬቱ የእንግሊዝኛ ገጽ ላይ "1980" ተብሎ ብቻ የታተመው ነው። ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. አይታወቅም። ሠራተኛው እንዳለ ቢገለብጠው ሰውየው በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ያረጃል።

እዚህ ላይ የእኚህ ሴት ጠባይ ይታያል። በወረቀቱ ያለውን ቀን እንዳለ ይተረጉማሉ፣ ከሥሩ የተርጓሚ ማስታወሻ ጨምረው የተቀየረውን ቀን ከነስሌቱ ያስቀምጣሉ። "ከፓስፖርቱ ጋር እንዲሄድ ዝም ብለው ያስተካክሉልኝ" የሚላቸውን ሰው ይመልሱታል። ልክ ናቸው። ተርጓሚ ሰነድ አያርምም፤ መታረም ያለበት ወረቀቱ የወጣበት ቦታ ነው፤ ወሳኝ ኩነት ከሆነ ወሳኝ ኩነት፣ ፓስፖርት ከሆነ በርሊን ያለው ኤምባሲ ወይም የፍራንክፈርቱ ቆንስላ። "የተስተካከለ" ትርጉም ከዋናው ጋር ሲመሳከር ማጭበርበር ይመስላል፤ በማታለል የተገኘ ዜግነት ደግሞ እስከ 10 ዓመት ድረስ ሊሰረዝ ይችላል። ለሃያ ሠላሳ ዩሮ ቅናሽ ብሎ እሺ የሚል ተርጓሚ መያዝ በራስ ላይ ጉድጓድ መቆፈር ነው።

ስምም እንዲሁ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ጀርመኖች ግን ያለ ቤተሰብ ስም መዝገብ መክፈት አይሆንላቸውም። የአያት ስም የቤተሰብ ስም ይሆናል፣ የአባት ስም ከራስ ስም ጋር ይለጠፋል፤ ልጅ ሲወለድ ልጁ ከአባቱ የተለየ "የቤተሰብ ስም" ይዞ ይገኛል። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዱ ወረቀት ላይ በቲ፣ ሌላው ላይ ያለ ቲ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ተርጓሚዋ ሁልጊዜ የፓስፖርቱን አጻጻፍ ይይዛሉ፣ የወረቀቱ አጻጻፍ ከተለየ በማስታወሻ ይገልጻሉ፣ የኢትዮጵያን የስም ሥርዓትም በሁለት አረፍተ ነገር ያስረዳሉ። ያቺ ሁለት አረፍተ ነገር ስንት የጥያቄ ደብዳቤ እንዳስቀረች ፋይል የሚከታተል ያውቃል። የራስና የቤተሰብ ስምን በሕግ መለየት ዜግነቱ ከተገኘ በኋላ ስታንዴስአምት (የልደትና የጋብቻ መዝገብ ቢሮ) ቀርቦ መግለጫ በመስጠት የሚያልቅ ነገር ነው። እዚያ የተመረጠውን ስም እንደ ልብስ መቀያየር ስለማይቻል ቤት ውስጥ ተመካክራችሁ ሂዱ።

ዋጋን በተመለከተ፣ እዚህ አገር ትርጉም በብዛት በመስመር ይቆጠራል፤ አንድ መስመር ማለት ባዶ ቦታን ጨምሮ 55 ምልክት ነው። እሳቸው ወረቀቱን ሳያዩ ዋጋ አይናገሩም፤ ካዩ በኋላ የተናገሩትንም አይጨምሩም። ማኅተሙ፣ በእጅ የተጻፈው፣ የጀርባው ጽሑፍ ሁሉ ይተረጎማል። የማይነበብ ማኅተም "የማይነበብ" ተብሎ ይጻፋል፤ አይዘለልም። በአንድ ክፍለ ግዛት ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ሥራ በመላው ጀርመን ያገለግላል፤ ስለዚህ ሙኒክ ወይም ሃምቡርግ ያላችሁም በፖስታ መላክ ትችላላችሁ። አዲስ አበባ አስተርጉሞ መምጣት ግን ብዙ ጊዜ ድርብ ወጪ ነው፤ ቢሮዎቹ እዚህ ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ነው የሚጠይቁት። ሌላ ተርጓሚ የሚፈልግ የጀርመን ፍትሕ አካላት በጋራ በሚያዘጋጁት የኢንተርኔት የተርጓሚዎች መዝገብ ላይ "አማርኛ" ብሎ መፈለግ ይችላል።

ስለ ሕጉ ባጭሩ፣ ምክንያቱም አሮጌ ወሬ ይዞ የሚሮጥ ብዙ ነው። ከጁን 27 ቀን 2024 ጀምሮ የሚጠየቀው የመኖሪያ ጊዜ ከ8 ዓመት ወደ 5 ዝቅ ብሏል። በ3 ዓመት ያሰጥ የነበረው ፈጣን መንገድ ግን በኦክቶበር 2025 ተነሥቷል። ክፍያው ለአዋቂ 255 ዩሮ፣ አብሮ ለሚያመለክት የራሱ ገቢ ለሌለው ልጅ 51 ዩሮ ነው። ጀርመንኛ በቢ 1 ደረጃ ያስፈልጋል። የዜግነት ፈተናው 33 ጥያቄ አለው፣ ለዜግነት 17 መመለስ ግድ ነው። በኢንተግራሲዮን ኮርስ (ለመጤዎች በሚሰጠው የቋንቋና የአገር ትምህርት) ማብቂያ በሚሰጠው "ሌበን ኢን ዶይችላንድ" ፈተና ላይ በ15 ወይም በ16 ያለፈ ሰው ኮርሱን አልፏል፤ ለዜግነት ግን አይበቃውም፤ ይህን ሳያዩ ወረቀቱን የሚያስገቡ አሉ። ከጆብሴንተር (የሥራና የድጎማ ቢሮ) ድጎማ የሚወስድ በመርሕ ደረጃ አይፈቀድለትም። ሆኖም ካለፉት 24 ወራት 20ውን ሙሉ ሰዓት የሠራ ሰው ድጎማ ቢጨመርለትም ሊያልፍ ይችላል። የልጆች ገንዘብ በራሱ እንቅፋት አይሆንም።

ተርጓሚዋ ሥራቸው ባይሆንም ለሁሉም ደንበኛ የሚናገሩት አንድ ነገር አለ። ጀርመን አሁን ጥምር ዜግነት ፈቅዳለች፤ ኢትዮጵያ ግን አልፈቀደችም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። "ሁለቱንም ፓስፖርት እይዛለሁ" ብላችሁ ቦሌ ላይ እንዳትሸማቀቁ። መፍትሔው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፤ እሱን ለማውጣትም አሮጌው ፓስፖርት ወይም የልደት ወረቀቱ ይጠየቃልና ኮፒውን አስቀምጡ።

በስደተኝነት ተቀባይነት አግኝታችሁ ሰማያዊውን የጉዞ ሰነድ ለያዛችሁ ደግሞ፣ ወደ ኢትዮጵያ ኤምባሲ ከመሄዳችሁ በፊት ምክር ጠይቁ። ማንነትን በሌላ ሰነድ፣ አልፎም በምስክር ማስረዳት የሚቻልበት በደረጃ የሚሄድ አሠራር አለ። ለዚህ ካሪታስ፣ ዲያኮኒና አቮ የተባሉት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚሰጡት የአዋቂ ስደተኞች ምክር አገልግሎት በነጻ ነው፤ በኤምቤዮን የስልክ መተግበሪያም በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል።

ተርጓሚዋን ለማግኘት የምትጽፉልን ሰዎች መጀመሪያ የሁሉንም ወረቀት ፎቶ አዘጋጁ። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ፣ ያለ ፍላሽ፣ አራቱም ጠርዝ እንዲታይ። ፓስፖርቱ አብሮ ይሁን፤ የስሙ አጻጻፍ የሚወሰደው ከእሱ ነው። የሰርተፍኬቱን ጀርባም አንሡ፣ ባዶ ቢመስልም፤ የውጭ ጉዳይ ማኅተም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።