ባለ 8 ቁጥር የፍላይ ዘንግ በጋልቬስተን ጨው ውሃ፦ ከወራት በኋላ

የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ወድጄዋለሁ። ክሩ የሚጠቀለልበትን ሪል አልወደድኩትም። አብሮ የመጣው ክር ደግሞ ባይኖር ይሻል ነበር። ሦስቱም ባንድ ካርቶን፣ ከ400 ዶላር ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ነው የመጡት። ካርቶኑ ላይ «ለጨው ውሃ የተዘጋጀ» ይላል። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ ላስተዋውቀውም ስሙን ላጠፋውም አይደለም የተነሳሁት። ለነገሩ በዚህ ዋጋ በጥቅል የሚሸጡት ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ጠባይ አላቸው፦ ዘንጉ ላይ ደህና ገንዘብ ያወጡና ሪሉና ክሩ ላይ ይቆጥባሉ።

ዕቃው እኔ ጋ ከመጣበት ከመጋቢት ወዲህ የቴክሳስን ሙቀትም ብርድም አይቷል። ይሄን የምጽፈው ሂዩስተን ሆናችሁ በየሳምንቱ መጨረሻ ጋልቬስተን ለምትወርዱ፣ በተለመደው ዘንግና በሽሪምፕ ማጥመድ ለለመዳችሁ፣ አሁን ደግሞ «እስቲ ፍላይ ልሞክር» እያላችሁ ምን ልግዛ ለምትሉኝ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንጨርሰው። በተለመደው ዘንግ የምትወረውሩት እርሳሱን ነው፤ ቀጭኑ ክር ተከትሎ ይሄዳል። ፍላይ ላይ ግን መንጠቆው ላይ የታሰረችው ላባና ጸጉር ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ራሱ ነው። ዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥርም የሚሸከመውን ክር ክብደት ይነግራችኋል። የ8 ቁጥር ክር የመጀመሪያው 30 ጫማ ወደ 13.6 ግራም ይመዝናል። ባሌ ዌብ ወንዝ ውስጥ ላለው፣ ዘሩ ከኬንያ ለመጣው ትራውት ለሚባለው ዓሣ 5 ቁጥር ይበቃል። ጋልቬስተን ግን ፀደይ ላይ ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ቀልድ አያውቅም፤ ፍላዩም ከወንዙ ይልቅ ይከብዳል፣ ዓሣውም ጉልበተኛ ነው። 9 ቁጥር የሚመርጡ አሉ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስወረውረው ስለምዋል ክንዴን የሚያዝል ነገር አልፈልግም።

አብዛኛውን ጊዜ የያዝኩት በክፍያ ዓሣ ከሚያስጠምድ አንድ የጀልባ ካፒቴን ጋር ስወጣ ነው። ዌስት ቤይ ዳር፣ ሣሩ ውሃ ውስጥ የቆመበት ረግረግ አለ። ጀልባዋ ጠፍጣፋ ናት፤ አንድ ጫማ በማይሞላ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች። እዚያ ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋና ከሞተሩ በላይ ያለው መቆሚያ ላይ ወጥቶ በረጅም እንጨት መሳይ ዘንግ መሬቱን እየገፋ ቀስ ብሎ ይነዳታል። እኔ ከፊት እቆማለሁ። እሱ ከፍ ብሎ ስለሚቆም ዓሣውን ቀድሞ ያየዋል፣ ከዚያ በሰዓት ቁጥር ይጠራልኛል፦ «አሥራ አንድ ሰዓት፣ አርባ ጫማ፣ ወደ ቀኝ እየሄደ ነው።» የጀልባዋ አፍንጫ 12 ሰዓት ነው። (አንድ ቀን አብሮኝ የወጣ ጓደኛዬ 9 ሰዓት ሲባል በሀበሻ ሰዓት አስልቶ ወደ 3 ዞረ። ዓሣው በግራ፣ እሱ በቀኝ! ካፒቴኑ ሰውዬውን ምን እንደነካው ሊገባው አልቻለም፤ እኔ በሳቅ ፈረስኩ።)

ሬድፊሽ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ አፉን ወደ ጭቃው ደፍቶ ሸርጣን ሲፈልግ ጭራው ከውሃው በላይ ይወጣል። መልኩ መዳብ ነው፣ ጭራው ሥር ጥቁር ነጥብ አለው፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ከሩቅ ይታያል። ታዲያ ካያችሁት በኋላ ያላችሁ ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። ፍላዩን ከአፉ ፊት ሁለት ጫማ ያህል አሳልፋችሁ ማሳረፍ አለባችሁ። ጀርባው ላይ ከወደቀ ውሃውን አደፍርሶት ይሄዳል፣ በቃ።

ይሄ ዘንግ ዋጋውን ያወጣው እዚህ ጋ ነው። ሱቅ ውስጥ ሻጩ ስለ 80 ጫማ ውርወራ ያወራላችኋል። ረግረጉ ውስጥ ግን የሚያስፈልጋችሁ 30 እና 40 ጫማ፣ ያውም ፈጥኖ፣ ቢበዛ አንዴ ወደ ኋላ መልሶ የሚለቀቅ ውርወራ ነው። እጅግ ግትር የሆኑት ውድ ዘንጎች አጭር ክር ብቻ ሲወጣ አይታጠፉም፤ ካልታጠፉ ደግሞ አይወረውሩም። የኔው ጫፉ አካባቢ ትንሽ ለስለስ ያለ ነው፤ ትንሽ ክር ብቻ ወጥቶም ይሠራል። ርቀት ላይ ይደክማል፣ አልዋሽም። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ከ60 ጫማ በላይ ስትጠይቁት ክሩ ተልፈስፍሶ ይወድቃል። ካፒቴኑ ራሱ ተቀብሎኝ ሁለት ሦስቴ ወረወረና «ዘንጉን ተወው፣ ክሩን ቀይር» አለኝ።

ልክ ነበር። አብሮ የመጣው ክር ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ነው፤ ልባሱ ለስላሳ ነው። ሐምሌ ላይ ጀልባዋ ወለል ላይ ተኝቶ ፀሐይ ሲመታው እንደ ተኘከ ማስቲካ ሆነ። ቀለበቶቹ ላይ ይጣበቃል፣ እግር ሥር ይተበተባል፣ በትክክል የጀመራችሁት ውርወራ መሐል ላይ ይቆማል። ለሙቅ ባሕር ተብሎ የሚሸጠው ክር ውስጡም ልባሱም ጠንከር ያለ ነው። ከ80 እስከ 100 ዶላር ይፈጃል። መክፈሉ ያናድዳል፤ ግን የገዛሁ ቀን ዘንጉ ሌላ ዘንግ ሆነ። እሱም እንከን አያጣም፦ ጥር ላይ ውሃው ሲቀዘቅዝ ከሪሉ ሲወጣ ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። ጠዋት ከመጀመራችሁ በፊት በእጅ ጎተት ጎተት አድርጋችሁ ብትዘረጉት ይሻላል።

ወደ ሪሉ ልምጣ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር፣ ግን ገዝታችሁ እንዳትናደዱ።

የሪል ዋናው ነገር ፍሬኑ ነው። ዓሣው ሲሮጥ ክሩን እየያዘ በልኩ የሚለቀው እሱ ነው። ጥሩ ፍሬን ጨውና አሸዋ እንዳይገባው ተዘግቶ ይታሸጋል። የኔው ክፍት ነው። መጀመሪያ ላይ ምንም አላለም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን መንተባተብ ጀመረ፦ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። ትንሽ ዓሣ ላይ ልብ ላትሉት ትችላላችሁ። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ትልልቆቹ ሬድፊሾች ወደ ባሕሩ መውጫ በሚሰበሰቡበት ወቅት፣ ከድንጋዩ ግድብ አጠገብ አንድ ደህና ዓሣ ያዝኩ። ሮጠ፣ ፍሬኑ ለቀቀ፣ ከዚያ ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ፣ ክሩ «ጧ» ብሎ ተበጠሰ። ሃያ ፓውንድ የሚችል ክር ነው የምላችሁ።

ቤት ገብቼ ሪሉን ስፈታው ነገሩ ግልጽ ነበር። ሪሉ ዘንጉ ላይ በሚቀመጥበት እግሩ ሥር ነጭ ዱቄት ተጋግሯል። አሉሚኒየሙ እየተበላ ነው። በተለይ ብሎኖቹ ዙሪያ ብሷል፤ ብሎኖቹ ከማይዝግ ብረት ናቸው፣ አካሉ አሉሚኒየም ነው፣ ሁለት የተለያየ ብረት ጨው ውሃ ውስጥ ሲነካካ ደካማው ይበላል። ቀለሙ ሥር ስለሚጀምር ከውጭ አይታያችሁም፤ ቀለሙ እንደ ብጉር ካበጠ ቆይቷል ማለት ነው።

ለድርጅቱ ጻፍኩ። መልሱ ትሁት ነው፦ ዋስትናው የጨው ዝገትን አይሸፍንም። ካርቶኑን ፎቶ አንስቼ «ለጨው ውሃ የተዘጋጀ» የሚለውን ላክሁላቸው። ከሳምንታት በኋላ ለሚቀጥለው ግዢ ቅናሽ የሚሰጥ ኮድ መጣልኝ። አልተጠቀምኩበትም። ፍሬኑ የታሸገ ሪል ለብቻው ከሌላ ቦታ ገዛሁ፤ 200 ዶላር አካባቢ ነው፣ እስካሁን ያለ ኮሽታ ይሠራል።

አጠባበቁን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ቤት ሲደርስ የግቢውን ቱቦ ከፍቶ በኃይል ይረጫል። ኃይለኛ ውሃ ጨውን አያወጣውም፣ ይልቁንም ወደ ፍሬኑ ይገፋዋል። እኔ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጌ በቀስታ በሚወርድ ውሃ አጥበዋለሁ፣ ሪሉን ከዘንጉ እፈታለሁ፣ ካጠብኩ በኋላ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ አላላዋለሁ። ዘንጉ አራት ቁራጭ ነው። ጨው መጋጠሚያው ውስጥ ደርቆ ከቆየ ሁለቱ ቁራጮች ተጣብቀው አንላቀቅም ይላሉ፤ ስለዚህ ያን ዕለት ማታውኑ ይለያያሉ። መጋጠሚያውን ተራ ሻማ ቀባ ማድረግ ቀን ሙሉ ሲወረወር እንዳይላላ ይረዳል። እርጥብ ሆኖ መያዣው ቱቦ ውስጥ ከታሸገ ደግሞ ቫርኒሹ ይነፋፋል። ይሄ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ዘንጉ አሁን ምን ይመስላል? የእጀታው ቡሽ ጠቁሯል፣ ቀዳዳዎቹን የሞላው ነገር ሁለት ቦታ ላይ ወልቋል። አያምርም፣ ሥራ ግን አላስተጓጎለም። ቀለበቶቹ አልዛጉም። ጽሑፉ ግማሹ ለቋል። ከሁሉ የማስብበት ጫፉ አጠገብ ያለች ጭረት ናት። ክላውዘር የሚባል ፍላይ አለ፤ የፔንሲልቬኒያው ቦብ ክላውዘር በ1980ዎቹ የፈጠረው፣ ከብረት የተሠሩ ከባድ ዓይኖች ያሉት። ሬድፊሽ ይወደዋል። ነገር ግን ነፋሱ ገፍቶት ዘንጉን «ቀጭ» ካደረገው ካርቦኑ ይጎዳል፤ የዚያን ዕለት አይሰበርም፣ ከወር በኋላ ትንሽዬ ዓሣ ላይ ይሰበራል። ሰዎች ያኔ ኩባንያውን ይሰድባሉ። የኔዋ ጭረት እስካሁን አልሰፋችም። በየጊዜው በጥፍሬ እዳብሳታለሁ።

ከተለመደው ዘንግ ለምትመጡ አንድ ነገር፦ ዓሣው ሲነክስ ዘንጉን ወደ ላይ አታንሱ። ክሩን በግራ እጃችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡ፣ ዘንጉ ወደ ዓሣው እንደጠቆመ ይቆይ። ወደ ላይ ካነሳችሁት ፍላዩ ከአፉ ይወጣል፤ በሳባችሁት ጊዜ ግን ቢስትም እንኳ ፍላዩ አጠገቡ ስለሚቀር ሊመለስበት ይችላል።

ገንዘቡን እንዴት ላከፋፍለው ለሚል፣ የኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። ሺህ ዶላር ዘንግ ላይ ከማፍሰስ መካከለኛ ዘንግ ገዝቶ ቀሪውን ከካፒቴን ጋር መውጫ ማድረግ ይበልጣል። ግማሽ ቀን ከ500 ዶላር በላይ ይጠየቃል፣ ጉርሻው ሳይቆጠር፤ ከጓደኛ ጋር ሲካፈሉት ይቀላል። ከመክፈላችሁ በፊት የኮስት ጋርድ ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ፤ አብዛኞቹ የያዙት እስከ ስድስት ከፋይ ተሳፋሪ የሚያስጭነውን ነው። ፍላይ የሚያውቅ መሆኑንም አጣሩ፤ በሽሪምፕ የሚያስጠምድ ጎበዝ ካፒቴን ሁሉ ጀልባ ገፍቶ ዓሣ አያሳያችሁም። ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ የሱ ፈቃድ ለናንተ አይሠራም፤ የራሳችሁን ማጥመጃ ፈቃድ ከጨው ውሃው ተጨማሪ ጋር ማውጣት አለባችሁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዓመቱ ያበቃል፣ መስከረም ላይ አዲስ ይገዛል፤ ብዙ ሀበሻ የሚቀጣው እዚህ ላይ ነው።

ይዞ መሄድ የሚቻለው ርዝመቱ ከ20 እስከ 28 ኢንች የሆነ ሬድፊሽ ነው፣ በቀን 3። ቴክሳስ ከባሕሯ የተጠመደ ሬድፊሽ ለንግድ እንዳይሸጥ የከለከለችው በ1981 ነው፤ ዛሬ ረግረጉ ውስጥ የምንወረውርለት ዓሣ ያለው አንዱ በዚያ ምክንያት ነው። እኔ አብዛኛውን እለቃለሁ። አንዳንዴ አንድ አስቀርና ቅርፊቱን ሳላነሳ በከሰል፣ በዳጣ። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላመጣውም።)

ስለዚህ ዘንጉን ለብቻው ካገኛችሁት ግዙት። በጥቅል ብቻ ከሆነ የሚሸጠው፣ የሪልና የክር ሌላ 300 ዶላር አስባችሁ ግቡ፤ ያ ከበዛባችሁ መጀመሪያ ከካፒቴኑ ተውሳችሁ ሞክሩ፣ ብዙዎቹ የራሳቸውን ዘንግ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያውሳሉ። አሮጌው ሪል አሁን ኮንሮ ሐይቅ ላይ ባስ የሚባለው ዓሣ ማጥመጃ ሆኗል፤ ጨው በሌለበት ቦታ እንኳን ይንተባተባል፣ ግን ባስ ያን ያህል ስለማይሮጥ ይቻላል። የሚፈልግ ካለ በ40 ዶላር እለቀዋለሁ። ክሩን በነጻ እመርቃለሁ።