የተበተነውን የዮጋ መጽሐፌን ለጠረዙልኝ ጋሼ

ይህን የምጽፈው አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ መጽሐፍ የሚጠርዙ አባትን ለማመስገን ነው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ስለጠየቁኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። መጽሐፍ የተበተነበት ሰው ካለ ወደ እሳቸው ይሂድ። ግን መጀመሪያ ስለ መጽሐፉ ላውራ፤ ያለዚያ የሠሩልኝ ነገር አይገባችሁም።

ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ወገቤ አላስቀምጥ አላስቆም ሲለኝ የዛሬ አራት ዓመት ዮጋ ጀመርኩ። መጀመሪያ ከስልክ ቪዲዮ እያየሁ፣ ቀጥሎ አንድ ቦታ ተመዝግቤ። ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላል። አሠልጣኟ ከፊት ትሠራለች፣ እኛ ከኋላ እንከተላለን። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ስናገር «ትለምጂዋለሽ» ተባልኩ። አለመድኩትም። ሁለት ወር እያነከስኩ ሥራ ገባሁና አቆምኩ።

ያኔ ታላቅ ወንድሜ ከሻንጣው ውስጥ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውጥቶ ሰጠኝ። ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ ሲማር ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛው ነው። ርዕሱ ላይት ኦን ዮጋ ይላል፤ የሕንዳዊው የዮጋ መምህር የቢ ኬ ኤስ አየንጋር ሥራ ነው። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። አየንጋር በልጅነታቸው ወባ፣ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ የተፈራረቁባቸው ደካማ ልጅ ነበሩ። ከ1937 ጀምሮ ፑኔ ሲያስተምሩ ኖረው እዚያው በ2014 በ95 ዓመታቸው አርፈዋል። መጽሐፉ አሳና የሚባሉትን የሰውነት አቋሞች 200 ያህሉን ይዟል። ፎቶው 600 ገደማ ነው። ፎቶዎቹ ላይ የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የመጀመሪያዋን አሳና አነበብኩ። ታዳሳና ትባላለች። በቃ መቆም ናት። ቪዲዮዎቹ አምስት ሰከንድ እንኳን አይሰጧትም። መጽሐፉ ግን ሰው አቋቋሙን ልብ እንደማይል ይናገርና ማስረጃውን ጫማ ላይ ያሳያል። ክብደታችን የት እንደሚያርፍ ሶላችንና ተረከዛችን ከሚያልቅበት ቦታ ይታወቃል ይላል።

ተነስቼ የሥራ ጫማዬን አመጣሁና ገለበጥኩት። የቀኙ ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቶ ዘሟል። የግራው ደህና ነው። ሌላ ጫማ አመጣሁ። እሱም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ለካ ስንት ዓመት ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብዬ በአንድ እግሬ ነው የቆምኩት! ጫማዎቹን መሬት ላይ ደርድሬ ብዙ ደቂቃ አየኋቸው። ወገቤን ያየልኝ ሐኪም ነበር፣ ዮጋ ያሠራችኝ አሠልጣኝ ነበረች። ጫማዬን ገልብጪ ያለኝ ግን መጽሐፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ልምምዴ ሌላ ሆነ። ማታ አንዱን አሳና ሁለቴ አነባለሁ፣ ጠዋት እሱኑ እሠራለሁ። ትሪኮናሳናን ውሰዱ፤ እግርን ከፍቶ ወደ ጎን መዘርጋት ነው። ጉልበቴን የጎዳኝ እሱ ነበር። እኔ ዓይኔ ያለው እጄ መሬት መንካቱ ላይ ነበር። መጽሐፉ ከእጅ አይጀምርም። እግሮች አንድ ሜትር ያህል ይራራቁ፣ ቀኝ እግር 90 ዲግሪ ይዙር፣ ግራው ትንሽ ወደ ውስጥ ይግባ፣ የጉልበት ሎሚ ወደ ላይ ይሳብ ይላል። እጅ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የግራ እግሬን ወደ ውስጥ ማስገባት ጭራሽ አላውቅም ነበር። ሎሚዬንም ስቤ አላውቅም። ቪዲዮ ላይ እነዚህ ነገሮች አሉ፣ ግን ያልፋሉ። ዓይን ደግሞ የሚያየው ትልቁን እንቅስቃሴ ነው።

ሌላም ነገር ወደድኩለት። እያንዳንዱ አሳና አስቸጋሪነቱ በቁጥር ተቀምጧል፤ ከፍተኛው 60 ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ የ300 ሳምንት መርሐ ግብር አለው። ስድስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው ማለት ነው! ያን ሳይ ውስጤ ተረጋጋ። የሚያስቸኩለኝ የለም።

መጽሐፍ ሁሉን ይተካል አልልም። መጽሐፍ አያየኝም። በጭንቅላት መቆምን ብቻዬን አልሞክርም፤ የሚያይልኝ ሰው ሳገኝ ይደርሳል። ፎቶዎቹም እንደ ገመድ የሚተጣጠፍ ሰውነት ስለሚያሳዩ ጀማሪን ሊያስደነግጡ ይችላሉ። እኔ ፎቶውን ለአቅጣጫ፣ ጽሑፉን ለሥራ ነው የምጠቀምበት።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ።

ችግሩ እንዲህ ነው። ዮጋ የሚሠራ ሰው ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ናቸው። መጽሐፉ መሬት ላይ ተዘርግቶ መቀመጥ አለበት። የእኔ መጽሐፍ ደግሞ ጀርባው በኮላ የተጣበቀ ስለሆነ ስለቀው ይከደናል። በአንድ በኩል ካውያ፣ በሌላ በኩል ዘነዘና እጭንበት ነበር። በስድስት ወሩ ጀርባው ተሰነጠቀ። ከዚያ ገጾቹ አንድ በአንድ ይረግፉ ጀመር። ሁለት ቦታ ወሰድኩት። አንደኛው «ፎቶ ኮፒ አድርጊውና ስፓይራል ይግባለት» አለኝ። ሌላው ጀርባውን ኮላ ቀብቶ መለሰልኝ፣ ሳምንት አልቆየም።

ጋሼ ዘንድ የላከችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሲያዩት መጀመሪያ ዋጋ አልነገሩኝም። «ለመደርደሪያ ነው ለእጅ?» ብለው ጠየቁኝ። መሬት ላይ ዘርግቼ እንደምሠራበት ነገርኳቸው። «እስቲ አሳዪኝ» አሉ። ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ጎንበስ ብለው ሲከደን አዩት።

«ከዳር ወግቼ ብሰፋው ዛሬ ትወስጂዋለሽ። ግን አይተኛልሽም፣ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ የሚሠሩትን አስረዱኝ። የተነጠሉትን ቅጠሎች ሁለት ሁለት እያደረጉ በቀጭን የወረቀት ቁራጭ ያያይዟቸዋል። ሙጫው ከስንዴ ዱቄት የተፈላ ነው። ተጣጥፈው እንደ ደብተር ጥራዝ ጥራዝ ይሆናሉ። ከዚያ በወስፌ እጥፋታቸው ላይ ይበሱና ጥራዝ ከጥራዝ በክር ይያያዛል። አባታቸው የብራና መጽሐፍ ይጠርዙ ነበር። የብራና መጽሐፍ ጀርባው ክር እንጂ ሙጫ የለውም፣ ለዚህ ነው አትሮንስ ላይ ሲዘረጋ ተንጋሎ የሚተኛው አሉኝ። እኔ በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ለምን እንደሚተኛ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ፎቶዎቹን እያገላበጡ ታዳሳና ላይ ቆም አሉ። «መቆምንም ያስተምራል?» አሉኝ። አዎ ስላቸው ትንሽ አሰቡና «ቅዳሴ ቆሞ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አንዱ እግር ሲደክም ወደ ሌላው ነው የምንሸሸው» አሉ። የጫማዬን ታሪክ ነገርኳቸው። የራሳቸውን ጫማ አውልቀው አዩ። የእሳቸው በግራ ነው ያለቀው።

በሳምንቱ ደወሉልኝ። ገጹን በሙሉ ቆጥረው አንድ ቅጠል እንደጎደለ ደርሰውበታል። «ሳልሰፋው ፈልጊው» አሉኝ። አልጋዬ ሥር አገኘሁት። ዝም ብለው ቢሰፉት ኖሮ ከወራት በኋላ ነበር የማውቀው።

ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። 1,800 ብር ከፈልኩ። ለዚያ ሁሉ የእጅ ሥራ ትንሽ ነው ባይ ነኝ። የድሮው ሽፋን አዲሱ ካርቶን ላይ ተለጥፏል፣ ጀርባው አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል። መጽሐፉ ትንሽ ወፍሯል። ግን የትም ገጽ ላይ ስከፍተው ዝርግት ብሎ ይተኛል። ካውያውም ዘነዘናውም ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። ዛሬ ጠዋት እጄን ቁርጭምጭሚቴ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ሳላዞር መስመሩን አነበብኩት።

ለሚሄድ ሰው ጥቂት ነገር ልንገር። አስቸኳይ ሥራ አይቀበሉም። ጠዋት ስልክ አያነሱም፣ ከሰዓት ሞክሩ። መጽሐፉን ለምን እንደምትጠቀሙበት ንገሯቸው፤ አሰፋፉን የሚመርጡት በዚያ ነው። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እልካለሁ፣ ፈቅደውልኛል።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ቅዳሜ የእናቴን ዳዊት ይዤ እመጣለሁ፤ እሱም ከመሃሉ ተገንጥሏል።