ሞላ ቆጥረው ላሳረፉኝ ጋሼ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰባት ወር ሙሉ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመችው የአባቴ ቬስፓ ባለፈው እሑድ ማለዳ ከአራት ኪሎ ተነሥታ ሽሮ ሜዳ ገባች። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዳገት ነው፣ ያውም ፋታ የማይሰጥ። አንድም ጊዜ ሳታንገራግር ወጣችው። ይህን የምጽፈው ለዚያ ዳገት ያበቁኝን ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን፣ እንደ እኔ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ታቅፎ መላ ላጣ ሰውም ለመጠቆም ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል። «ስሜን ከጻፍክ ሰው ይሰለፍብኛል፤ ወረፋ ደግሞ አልወድም» ነው ያሉት። ስለዚህ እዚህ ጋሼ ብቻ ናቸው።

ቬስፓዋ 150 ሱፐር የምትባለው ናት፤ ባለ 8 ኢንች ጎማ፣ ባለ አራት ማርሽ። የቬስፓ አምራች የሆነው የጣሊያኑ ፒያጆ ይህችን ሞዴል ከ1965 እስከ 1979 ሠርቷታል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አፍንጫዋ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ምልክት አለ፤ ድርጅቱ ያንን ምልክት የያዘው በ1967 ስለሆነ የእኛዋ ከዚያ ወዲህ የተወለደች ናት። አባቴ ከሰው እጅ ገዝቶ ለብዙ ዘመን ሥራ ሄዶባታል፤ እናቴንም እኔንም አመላልሶባታል። እሱ ካረፈ በኋላ ቁልፏን የተረከብኩት እኔ ነኝ። ሙያውን ግን አልተረከብኩም።

ሕመሟ የጀመረው ዳገት ላይ ነው። ነዳጅ ሲሰጧት ሞተሩ ይጮሃል፣ እሷ ግን አትሄድም። ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ ጋር የሚያያይዘውና የሚያላቅቀው ክፍል፣ እየተንሸራተተ ነበር። ቬስፓ ላይ ፍሪሲዮኑ ቀጥታ ከሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ መካከላቸው ሰንሰለት የለም። የራሱ ጥርሶች ከኋላው ያለውን ትልቅ ጥርስ እየገፉ ጉልበቱን ወደ ካምቢዮ (ማርሾቹ ወዳሉበት ክፍል) ያስገባሉ። ውስጡ ያሉት ቡሽ የለበሱ ክቦች ደግሞ በሞላ (በጥምዝምዝ የብረት ሽቦ) ተጨምቀው ይያዛሉ። ቡሹ ካለቀ ወይም ሞላው ከደከመ መንሸራተት ይመጣል። ይህን ያህሉን አንብቤ ስለነበር ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ለ150 ሱፐር የሚሆን የቡሽ ክብ ገዛሁ፣ የኋላ ጎማዋን አወለቅኩ፣ ክዳኑን ከፈትኩ።

ያየሁት ነገር መጽሐፉ ላይ ካለው ሥዕል ጋር ዝምድና አልነበረውም። የገዛሁትን ክብ አጠገቡ አድርጌ ባነጻጽረው በግልጽ ያንሳል። ብረቱ ላይ የፒያጆ ምልክት የለም፣ ቁጥር የለም፣ አንድ ፊደል እንኳ የለም። አባቴ «ይህችን ሞተር ከፋብሪካ እንደወጣች ነው ያቆየኋት» ሲል ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ላሳልፈው፤ ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። የመጀመሪያው ጋራዥ ፍሪሲዮኑን ከዘንጉ ጋር የሚያጠብቀውን ዳዶ በመሮና በመዶሻ እየቀጠቀጠ ፈታው፤ ጠርዙ እስከ ዛሬ እንደ ተነከሰ ዳቦ ነው። ሁለተኛው «ይህ የባጃጅ ነው» አለኝ። ግምቱ ፍጹም ሞኝነት አልነበረም፤ ዛሬ በባለ ሦስት እግሯ የምናውቀው ባጃጅ በ1960ዎቹ ሕንድ ውስጥ ቬስፓን በፒያጆ ፈቃድ ይሠራ የነበረ ድርጅት ነው። ነገር ግን በዚያ ግምት ተማምኜ የገዛሁትም ዕቃ አልሆነም። ሦስተኛው፣ ቬስፓዋን ለጌጥ አስቀምጬ አዲስ የቻይና ሞተር እንድገዛ መከረኝ። ሻጩ ወንድሙ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው።

ወደ ጋሼ የላከኝ አንድ የታክሲ ሾፌር ነው። ከሶማሌ ተራ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ አንድ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን)፣ አንድ የሥራ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በመጠን የተደረደሩ መፍቻዎች። ሰውየው ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ፍሪሲዮኑን በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አልነኩትም።

«ክዳኑስ?» አሉኝ።

«የቱ ክዳን ጋሼ?»

«ይህ ተቀምጦበት የነበረውን ቤት የሚዘጋው። እቃውን ብቻ ይዘህ ስትመጣ በሽተኛውን ትተህ ልብሱን እንዳመጣህ ቁጠረው።»

በማግስቱ ክዳኑን ይዤ ተመለስኩ። በር ላይ ወጥተው ወደ ፀሐይ አዘነበሉትና አውራ ጣታቸውን በውስጠኛው ከንፈር ዙሪያውን ቀስ ብለው አስኬዱት። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። እኔም ዳሰስኩት፤ ሌላው ገጽ ከቅልጥ የወጣ ሸካራ ነው፣ እዚያ ቦታ ግን ልስልስ ብሎ ጎድጉዷል። ስንት ጊዜ በናፍጣ ያጠብኩት ክዳን ነው፤ አንድም ቀን አላስተዋልኩትም።

«ተሞርዷል» አሉ። «ፋብሪካ እንዲህ አይሞርድም። አንድ ሰው ለቤቱ የማይበቃ ትልቅ ዕቃ አምጥቶ ግድግዳውን ፍቆ አስገብቷል።»

ከዚያ በኋላ ነው ፍሪሲዮኑን ያነሡት። ሞላዎቹን በጣት እየነኩ ቆጠሩ፤ ስምንት። የዚህች ቬስፓ የትውልድ ፍሪሲዮን ባለ ስድስት ሞላ ነው። ካሊፐር አምጥተው ስፋቱን ለኩ፤ 115 ሚሊሜትር። የጥንቱ 108 ነው። አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርገው ዙሪያውን ሲቆጥሩ 22 ሆነ። ሁሉንም በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ ነገር ምንድን ነው ብለህ ነበር የጠየቅኸኝ?»

«አዎን ጋሼ።»

«ነገር ነው።»

የቀለዱብኝ መስሎኝ ዝም አልኩ። ቀልድም ነበረበት፣ እውነትም ነበረበት። ፒያጆ በ1980ዎቹ መጨረሻ «ኮሳ» የተባለች ቬስፓ አውጥቶ ነበር፤ ኮሳ ማለት በጣሊያንኛ ነገር ማለት ነው። እሷ እንደ ሞዴል ብዙም አልተወደደችም፤ ባለ ስምንት ሞላው ፍሪሲዮኗ ግን ጠንካራ ስለነበር ከእሷ ይልቅ እሱ ዕድሜ አገኘ። ፒያጆ ራሱ ኋላ ላይ ፒኤክስ ለተባሉት ቬስፓዎቹ አዋለው፤ ሌሎች አምራቾችም እየቀዱ መሸጥ ጀመሩ። የእኔው ምልክት የሌለው ከእነዚያ ቅጂዎች አንዱ በመሆኑ ነው። ቤቱ ለ108 የተሠራ ስለሆነ የድሮ ሞተር ላይ የሚገጥመው ሰው ወይ ክዳኑን ይቀይራል ወይ ይሞርደዋል። ሰባት ወር «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ስል የኖርኩት ሰው መልሱን በጥያቄዬ ውስጥ ይዤው ነበር ማለት ነው።

«ማን እንደሠራውስ ማወቅ አይቻልም?» አልኳቸው።

«ምን ይሠራልሃል? የማን ልክ እንደሆነ ካወቅህ ቡሹን ታገኛለህ።»

እዚህ ላይ ሌላም ነገር ተናገሩ። ክዳኑን እንደገና አዘንብለው የሞረዱን ጭረት እያዩ «የሞረደው ሰው ግራኝ ነው፤ ጭረቱ የተኛበትን አቅጣጫ ተመልከት» አሉኝ። አባቴ ግራኝ ነበር። ያንን አልነገርኳቸውም፤ በዚያች ሰዓት አንደበቴም የሚታዘዘኝ አልመሰለኝም። ከፋብሪካ እንደወጣች ነው ያቆየኋት ይል የነበረው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግቶ ምን ይሠራ እንደነበር አሁን ይገባኛል።

ቡሹን ያመጣችው ሮም የምትኖረው እህቴ ናት። «እኔ ስለ ሞተር ምን አውቄ?» ብላ ስታንገራግር ጋሼ ካርቶኑን ፎቶ አንሥቼ እንድልክላት አዘዙ። ላይዋ ላይ የተጻፈው በአማርኛ ፊደል ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ኮሳ፣ 8 ሞላ፣ 115። እህቴ ከአንድ አሮጌ የቬስፓ ዕቃ መሸጫ ገብታ ያንኑ እንደተጻፈው አነበበችላቸው፤ ሻጩ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ሣጥኑን ይዞ ተመለሰ። ሞላ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን እያልን የምንፈታውና የምንገጥመው በእነሱው ቃል እንደሆነ ያን ቀን ነው በስልክ እየሳቀች የነገረችኝ።

የመግጠሙ ሥራ ግማሽ ቀን ፈጀ። አዲሶቹ ክቦች ሌሊቱን ዘይት ውስጥ ተነክረው አድረው ነበር። ጋሼ ሞላዎቹን የሚጨምቁበት መሣሪያ ረጅም ብሎንና ሁለት የብረት ሳህኖች ናቸው፤ ብሎኑን በመካከል አሳልፈው ዳዶውን ሲያጠብቁ ስምንቱ ሞላዎች እኩል ዝቅ አሉ፣ ቀለበቱም በካቻቢቴ ጫፍ ትን ብሎ ወጣ። ለተነከሰው ዳዶ የራሳቸው መፍቻ አላቸው፤ ቱቦ ቆርጠው አፉን በጥርስ በጥርስ የሞረዱት። የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላትን ትንሽ የዘንግ ብረት በምላሳቸው ጫፍ አርሰው ቦታዋ ላይ አጣበቋት፤ ካመለጠች ሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው የምትገባው። ክዳኑ ውስጥ ሆና ፍሪሲዮኑን የምትገፋው የነሐስ ቁራጭም አልቃ ስለነበር ከምናለሽ ተራ በተገዛ የነሐስ ዘንግ ቶርኖ ላይ አዲስ አወጡ።

አንድ ተግሣጽም ቀምሻለሁ። አሮጌውን ዘይት አሸተቱና «ምን ጨመርክባት?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ለአባቴ ቬስፓ አይነፈግም ብዬ ውድ የሆነውን የዘመናዊ መኪና ዘይት ነበር የጨመርኩት። እንደዚያ ያለው ዘይት ውስጥ መፋተግን የሚቀንስ ቅመም አለበት፤ ቬስፓ ላይ ደግሞ ፍሪሲዮኑ የሚቀመጠው ካምቢዮው ዘይት ውስጥ ነው፤ ሳይፋተግ አይዝም። የሚያስፈልጋት ተራው ኤስኤኢ 30 ነው፣ ሩብ ሊትር ብቻ። በገንዘቤ መንሸራተት ገዝቼ ኖሯል።

ዕቃውን ለይተው ላወቁበት አንድ ብር አልተቀበሉኝም። ያስከፈሉኝ ለነሐሷና ለግማሽ ቀን ጉልበታቸው ነው፤ እሱም ሁለተኛው ጋራዥ ለተሳሳተው ግምት ከወሰደብኝ ያነሰ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ለጥድፊያ የሚሆኑ ሰው አይደሉም። ስልክ አያነሡም። ሥራ ላይ ሆነው ያናገራቸውን ሰው ቀና ብለው አያዩትም፣ «ዛሬ ይደርሳል?» ያለውንም «ሌላ ቦታ ይደርስልሃል» ብለው ይሸኙታል። እኔን ሁለት ጊዜ ባዶ እጄን መልሰውኛል። አዲስ ሞተር ያለው ሰው ባይሄድባቸው ይሻላል። የድሮ ቬስፓ፣ ላምብሬታ ወይም ሌላ አሮጌ ሞተር ይዞ ስሙ ያልታወቀ ዕቃ ያስቸገረው ግን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ መንገዱን እስከ በራቸው ድረስ እነግረዋለሁ። ጠዋት ሂዱ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዕድር ስላለባቸው አይገኙም። ዕቃውን አጥባችሁ ውሰዱ፣ ፎቶ ብቻ አታሳዩአቸው፣ ክዳኑንም እንዳትረሱ።