ቦርድዎክ ኢምፓየር ወይስ ዘ አንተቸብልስ? ዲስኩን ከመግዛትዎ በፊት

በአሜሪካ መጠጥ ስለተከለከለበት ዘመን (1920–1933፣ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ.) የወንጀል ድራማ ገዝቶ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ሰው፣ ቁም ነገር ያላቸው ምርጫዎች ሁለቱ ተከታታይ ድራማዎች፣ ቦርድዎክ ኢምፓየርና ዘ አንተቸብልስ ናቸው። ፒኪ ብላይንደርስን ሦስተኛ የሚያደርጉ አሉ፤ እሱ ግን የበርሚንግሃም ታሪክ ነው፣ እንግሊዝም መጠጥ አልከለከለችም። የስድስተኛው ሲዝን ዋና ታሪክ የሚጀምረው እንዲያውም የአሜሪካው ክልከላ በተሻረበት ቀን፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1933 ነው። ለውስኪ ኮንትሮባንድ ብላችሁ አትግዙት።

ቦርድዎክ ኢምፓየር (ኤች ቢ ኦ፣ 2010–2014) ታሪኩን የሚያየው ከመጠጥ ሻጮቹ ጎን ነው። ስቲቭ ቡሸሚ የተጫወተው ናኪ ቶምሰን አትላንቲክ ሲቲ ያለችበት የአትላንቲክ አውራጃ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ሕጉ ከመጽናቱ በፊት በነበረው ምሽት ከፖለቲከኞች ጋር ጽዋ ያነሣል። የቺካጎው የወንበዴ አለቃ አል ካፖን እዚህ የሌላ ሰው ሾፌር ሆኖ ነው የሚገባው። በአምስት ሲዝን 56 ክፍሎች አሉት፤ በየማታው አንድ ቢታይ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ሁሉም ክፍል በቀደመው ላይ ስለሚደገፍ፣ ሲዝን 3ን ብቻ በርካሽ አግኝቶ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። አራተኛው በ1924 ቆሞ አምስተኛው ወደ 1931 ይዘላል፤ ያውም ስምንት ክፍል ብቻ ስለሆነ ጥድፊያው ያስታውቃል።

ዘ አንተቸብልስ (1959–1963) ተቃራኒው ነው፤ ሮበርት ስታክ የተጫወተውን ፌዴራል መርማሪ ኤሊየት ነስን ይከተላል። 118 ክፍሎች፣ ጥቁርና ነጭ፣ እያንዳንዳቸው በ50 ደቂቃ ገደማ የሚያልቁ። ከመካከል ቢጀመርም ግድ የለም። ታሪክ ለመማር ግን አይሆንም፤ የወንበዴዎች እናት የነበረችውን ማ ባርከርን የኤፍ ቢ አይ ሰዎች በ1935 የገደሏት ሆና ሳለ፣ ድራማው ድሉን ለነስ ሰጥቶታል።

የምስል ጥራት ላይ ምክራችን አንድ ዓይነት አይደለም። ቦርድዎክን በብሉሬይ ግዙ። የሌሊቱ የጀልባ ጭነትና በጭስ የተሞላው ክፍል በዲቪዲ ሲታይ፣ ጥቁሩ ቦታ በጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ይቆራረጣል፤ ዲቪዲው 480 ወይም 576 መስመር ሲይዝ ብሉሬዩ 1080 ይይዛል። አንተቸብልስን ዲቪዲ ይበቃዋል። ቴሌቪዥኑን ወደ 4:3 (ወደ ድሮው ጠበብ ያለ የምስል ቅርጽ) መመለስ ብቻ አትርሱ፣ አለዚያ የሁሉም ፊት እንደ ድፎ ዳቦ ይሰፋል። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ሽፋኑን በደንብ አንብቡ፤ በአሜሪካ የአንተቸብልስ ሲዝኖች ለሁለት ተከፍለው ስለተሸጡ፣ «ሲዝን 1» ብላችሁ ግማሹን ልትወስዱ ትችላላችሁ።

ትልቁ ጣጣ ሪጅን፣ ማለትም ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚጫወት የሚወስነው ኮድ ነው። ከዋሽንግተን ለአዲስ አበባ ዘመድ የሚላክ ዲቪዲ ሪጅን 1 ነው፤ ኢትዮጵያ ሪጅን 5፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ እስራኤልና አብዛኛው አውሮፓ ሪጅን 2 ናቸው። ማጫወቻው ለሁሉም ሪጅን ያልተከፈተ ከሆነ ዲስኩን አይቀበለውም። በብሉሬይ አሜሪካ «ኤ»፣ አብዛኛው አውሮፓ፣ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ «ቢ» ናቸው። ለአውሮፓ የተዘጋጀ ዲቪዲ በሴኮንድ 24 ሥዕሉን በ25 ስለሚያሮጥ፣ የአንድ ሰዓት ክፍል ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ያጥራል፤ ድምፁም ትንሽ ሊቀጥን ይችላል። የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ አትጠብቁ። የእንግሊዝኛው መኖሩን ግን ከሽፋኑ ጀርባ አረጋግጡ፤ የቦርድዎክን የአየርላንድና የኒውዮርክ ቅላጼ ያለ ጽሑፍ መከታተል ያደክማል።